ከውስጥ የሚከፈት

ባለቤቴን ሰው ሁሉ ካቻቢቴ ይለዋል። ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የትም ቢሄድ ከሸሚዙ ኪስ አንዲት ካቻቢቴ ጭንቅላቷን ብቅ አድርጋ ስለምትታይ ነው። በሠርጋችን ቀን እንኳ የሱፉ የደረት ኪስ ላይ፣ አበባው መሆን በነበረበት ቦታ፣ እሷ ነበረች የተሰካችው። ፎቶ አንሺው ቢለምነው፣ እናቱ ቢቆጡት፣ ወይ ፍንክች! ፎቶው እስከ ዛሬ ሳሎናችን ተሰቅሏል። እኔ ጥርሴን ገልጬ እስቃለሁ፣ እሱ የሠርግ ቤቱን በር ሊጠግን የመጣ ሰው ይመስላል።

ሥራው ቁልፍ ነው። ቁልፍ ይቀርጻል፣ ቁልፍ ይገጥማል፣ ቁልፍ ጠፍቶባቸው ደጃቸው ላይ ቆመው የሚነጫነጩ ሰዎችን ቤታቸው ያስገባል። ከአባቱ የወረሳት አንዲት ልማድ አለችው፤ እቺን ልማድ ልብ በሉልኝ፣ ጉዳችንን ያፈላችው እሷ ናት። አዲስ ቁልፍ ገጥሞ ሲጨርስ ራሱ ወደ ውስጥ ይገባና "ዝጉብኝ" ይላል። ሲዘጉበት ከውስጥ ይሞክረዋል። ከፍቶ ሲወጣ ብቻ ነው ሥራው አለቀ የሚለው። አባቱ አንድ ጊዜ የገጠሙት ቁልፍ ከውስጥ እምቢ ብሎ፣ አንዲት እናት ከጨቅላ ልጇ ጋር ቀኑን ሙሉ ተዘግቶባት ዋለች። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌው ሳይዘጋባቸው የሠሩትን በር ለባለቤቱ አስረክበው አያውቁም ነበር።

እኔና እሱ የተዋወቅነውም በበር ነው። ያኔ የኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ። አገሩን የሚገዙት ሰውዬ እኛ ሳንወለድ የተቀመጡበት ወንበር ላይ ተጣብቀው ቀርተው፣ ወጣቱ ሁሉ አደባባይ ወጥቶ "ይነሱልን!" ይል ነበር። የኔ ድምፅ ቀጭን ስለሆነ ለመፈክር አልሆንም፤ ካርቶን ላይ እጽፋለሁ። መፈክር የሚያወጣልን አንድ ጎረምሳ ነበር። ድምፁ ያለ ምንም መሣሪያ ከአደባባዩ ዳር እስከ ዳር ስለሚሰማ "ማይክ" ብለን ጠራነው፣ በዚያው ቀረ።

አንድ ቀን ወታደሮች ሲያባርሩን ሸሽተን የኮሌጁ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ገባን። ሞኝነታችን! አዳራሹ ያለው በር አንድ ብቻ ነው፤ መስኮቶቹም ከሰው ቁመት በላይ ያሉና ፍርግርግ ያለባቸው ናቸው። ከበሩ ውጭ ሁለት ወፋፍራም የብረት ቀለበቶች ነበሩ፣ አንዱ በሩ ላይ፣ አንዱ መቃኑ ላይ። ወታደሮቹ በሁለቱ ቀለበቶች ውስጥ ጓጉንቸር አስገብተው ቆለፉብን። ማይክ ከሁላችንም በላይ ፈራ። ይህን የምለው ላሳጣው ብዬ አይደለም፣ እኔም ፈርቼ ነበር። ግን ያ ሁሉ ድምፅ ጠፍቶበት፣ ጥግ ይዞ ኩርምት ብሎ "እናቴን፣ እናቴን" ሲል በዓይኔ አይቻለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ወታደሮቹ ለቁርስ ዞር ሲሉ የብረት መጋዝ ድምፅ ሰማን። ጓጉንቸሩ ወደቀ፣ በሩ ተከፈተ። አንድ ቀጭን ልጅ መጋዝ ይዞ፣ ከኪሱ ካቻቢቴ ብቅ ብላ፣ ላብ በላብ ሆኖ ቆሟል።

"ቶሎ በሉ እንጂ፣ መጋዙ የአባቴ ነው" አለን።

ማይክ እጁን ለቀም አድርጎ ሳመው። እኔ አልሳምኩትም፤ በኋላ አገባሁት።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ሰውዬው ወረዱ። አሸነፍን! የዚያን ቀን የማላውቀው ሰው አንገት ላይ ተጠምጥሜ አልቅሻለሁ። አገሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያስተዳድሩ፣ ከዚያም ምርጫ አድርገው የሚወርዱ ሰዎች ተሰየሙ። "ለጥቂት ጊዜ ነው" ሲሉን አምነናቸው እያጨበጨብን ወደ ቤታችን ገባን። ማይክም ከእኛ መሀል ተመርጦ አብሯቸው ተቀመጠ፤ ቆይቶም የኮሌጁ ኃላፊ ሆነ። ካቻቢቴን ግን አልረሳውም። አስጠርቶት የኮሌጁ ቋሚ ቁልፍ ሠሪ አደረገው፣ በግቢው ውስጥም የሠራተኛ ቤት ሰጠን። እኔም ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ።

ማይክ ሥልጣን ላይ በቆየ ቁጥር ድምፁ እያነሰ መጣ። አሁን ዝግ ብሎ ነው የሚናገረው፣ ሰው ለመስማት ጎንበስ እንዲልለት። ባለቤቴ መቼ እንደጀመረ ባላውቅም "እርስዎ" ይለዋል። እሱም አንድ ቀን እንኳ "ተው እንጂ፣ እኔና አንተ" ብሎት አያውቅም። እኔ ግን አንተ ነው የምለው። ኩርምት ብሎ ያየሁትን ሰው አንቱ ልለው አፌ እሺ አይለኝም።

አዳራሹን ደግሞ ማይክ አስውቦ ቀለም አስቀባው። ባለቤቴ እነዚያን ሁለት ቀለበቶች ቆርጦ ሊጥላቸው ቢጠይቅ "እንዴት ይቆረጣሉ? ታሪክ ናቸው" ተባለ። አጠገባቸው የነሐስ ጽሑፍ ተለጠፈ፤ የወጣቶች ትግል መታሰቢያ ይላል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ማይክ ቀለበቶቹን በእጁ እየዳሰሰ ታሪኩን ይናገራል። ካቻቢቴ እንዲያበራቸው ታዝዞ በየጊዜው በዘይት ይወለውላቸዋል።

እንዲህ እንዲህ እያልን ኖርን። ቤቱ የኮሌጁ፣ ደሞዙ የኮሌጁ፣ ልጃችን የምትማረው የሠራተኛ ልጅ ተብላ እዚያው ኮሌጅ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አንዲት ክር ብትሳብ ሙሉ ሹራብ እንደሚተረተር አውቃለሁ። ያንን ክር ላለመሳብ ስንጠነቀቅ ዕድሜያችን ሄደ።

ልጃችንን ጠበቃ እንላታለን። ገና አፍ ስትፈታ ጀምራ የተሰጣትን ከመቀበሏ በፊት "ለምን?" ትል ነበር። አባቷ ይህን ሲሰማ ልቡ ቅቤ ይጠጣል፣ እኔ ግን እፈራለሁ። እውነቴን ነው፤ ምላሷ የኔ ነው፣ እልኋ ደግሞ የአባቷ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ምን እንደሚመጣ የሚያውቅ ያውቀዋል።

የፈራሁት አልቀረም። "ለጥቂት ጊዜ" ብለው የገቡት ሰዎች ልጄ ለአቅመ ኮሌጅ ስትደርስም እዚያው ናቸው። ተማሪዎቹ በየግድግዳው "ጥቂት ስንት ነው?" ብለው መጻፍ ጀመሩ። የጻፉት ልጆች ታሰሩ። የቀሩት ደግሞ "ጓደኞቻችን ካልተፈቱ፣ የምርጫው ቀን ካልተነገረን አንወጣም" ብለው የት ገቡ ብትሉ ጥሩ ነው? አዳራሹ ውስጥ።

ጠበቃ ልብሷን ቦርሳ ውስጥ ስትከት ደረስኩባት። በሩ ላይ ቆሜ አላሳልፍም አልኳት።

"እማዬ፣ አንቺን ማን ከለከለሽ?" አለችኝ።

"እናቴ።"

"ሰማሻት?"

አባቷ በዚህ በኩል ቁጭ ብሎ አንድ ቁልፍ በሞረድ ይፍቃል፤ ተፍቆ ያለቀ ቁልፍ ነው፣ ግን ይፍቃል። ቀና ብሎ "ውኃ ያዢ" ብቻ አላት። በእንቢታዬ ቆሜ ነበር፣ ግን ወገቤን አቅፋ ወደ ጎን አሽከርክራኝ ወጣች። ሁለታችንም እየሳቅን ነበር፤ እሷ ስትሄድ የኔ ሳቅ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ።

ማይክ ካቻቢቴን ያስጠራው ልጆቹ ከገቡ በኋላ ነው። የአዳራሹን ቁልፍ እንዲቀይር ፈለገ። "ሌሎች እየገቡ አስቸገሩ፤ ከውጭ ሰው እንዳይገባ ነው እንጂ ያሉት መውጣት ሲፈልጉ ይውጡ" አለው። ባለቤቴ እንደ ሁልጊዜው ጠየቀ፤ "ከውስጥ በጣት የሚከፈተውን ልግጠም?" አለው። ማይክ ቅር እንደተሰኘ ሰው አየውና "ምን ማለትህ ነው? እኔ ልጆች ላይ በር የምዘጋ ይመስልሃል? እኔ?" አለው። ካቻቢቴም "አይ፣ አይመስለኝም" ብሎ ወጣ።

ምሳ ላይ ሲነግረኝ ጉርሻው አነቀኝ። "አትሂድ! አመመኝ በል። እጄ ተቆረጠ በል።"

"እኔ ባልሄድ ሌላ ያመጣሉ" አለኝ። "ያኛው ከውስጥ የማይከፈት ቢገጥምስ? ልጄ ናት ያለችው። እኔ ከገጠምኩት ቢያንስ መክፈት ትችላለች።"

አሁንም ድረስ ይህን ነገር እያላመጥኩት ነው። ስህተቱን ፈልጌ አላገኘሁትም፤ ትክክልም አልሆነልኝም። ባይሄድ ከቤታችን እንባረራለን ብሎ ፈርቶ ነበር? አዎ፣ እሱንም ፈርቶ ነበር፤ እኔም ፈርቼ ነበር፤ ግን እሱን ሁለታችንም አላነሳነውም።

አብሬው ሄድኩ። ጥበቃዎቹ በወጠሩት ገመድ ወዲያ ማዶ ከሌሎች ወላጆች ጋር ቆምኩ። አሮጌውን ቁልፍ ፈቶ አዲሱን ሲገጥም ልጆቹ ከውስጥ ያፏጩበታል፣ "ሆ!" ይሉበታል። ጠበቃ በሩ ድረስ መጣች፣ በርቀት አየኋት።

"አባዬ፣ ምን እየሠራህ ነው?"

"ከውስጥ የሚከፈት ነው፣ የኔ ልጅ።"

"ከውጭስ?"

ጎንበስ ብሎ ብሎኑን አጠበቀ። ሲጨርስ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ዕቃ ቦርሳውን አነሳና ወደ ውስጥ ገባ። እኔ ሳየው ልጮህ አፌን ስከፍት ቀደመኝ። እድሜ ልኩን እንደሚለው ለጥበቃው አለቃ "ዝጉብኝ" አለው።

ዘጉበት። ከዚያም የጥበቃው አለቃ ከኪሱ ጓጉንቸር አውጥቶ በእነዚያ ሁለት ቀለበቶች ውስጥ አስገባና ጠቅ አደረገው። ቀለበቶቹ ዘይት ጠግበው ስለነበር አልተንቋቁም።

ካቻቢቴ እነዚያን ቀለበቶች ከማንም በላይ ያውቃቸዋል። በየጊዜው ሲወለውላቸው የኖረ ሰው ለምን ሳያስባቸው ገባ? ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። "ጌጥ ሆነውብኝ ነበር" ይላል።

ከዚያ በኋላ ውስጥ የሆነውን እሱና ጠበቃ ለየብቻ ነግረውኛል። መጀመሪያ የጣቱን መክፈቻ አዞረ። ቁልፉ በደንብ ሠራ፣ በሩ ግን አልተነቃነቀም። ደጋግሞ አዞረ። አንዱ ልጅ "ቁልፍ ሠሪው ተቆለፈበት!" ብሎ ሲስቅ አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ከዚያ ሳቁ ቀዝቅዞ ሌላው "ሰላይ ይሆናል፣ ሆነ ብለው ያስገቡት" አለ። ጠበቃ ተነስታ "ሰላይ ቢሆን እናቴ ታውቅ ነበር። እናቴ የማታውቀው ነገር የለም" አለች። ለአባቷ የተከራከረችው እንዲህ ብቻ ነው፤ ወደሱ ግን አልሄደችም። እሱም ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ስልካቸው ላይ እንደተጣዱ ነው። እንደነሱ አደባባይ የወጡ ልጆች ያሉባቸውን አገሮች እያነሱ ይጨቃጨቃሉ። "እነዚያ ጥቂት ሳምንት ወጥተው መሪያቸው ሸሽቶ የለ?" ይላል አንዱ። "እነዚህ ደግሞ ዓመት ሙሉ ወጥተው አሁን ግማሾቹ እስር ቤት፣ ግማሾቹ ስደት" ትላለች ሌላዋ። መንግሥት የጠየቁትን ሕግ ሰርዞላቸው በሰላም ወደ ክፍላቸው የተመለሱም አሉ፤ ሕጉ ግን ስሙን ቀይሮ ተመልሶ መጣ። አሸንፈው፣ ጨፍረው፣ በሁለተኛው ዓመት ወታደር ከበላያቸው የተቀመጠባቸውም አሉ። በአንዲት አገር ደግሞ ማንም ያሸነፈ አይመስልም ነበር፣ ዛሬ ግን ያኔ የተደበደቡት ልጆች ምርጫ ተወዳድረው ምክር ቤት ገብተዋል ተባለ። ልጆቹ እንደ ኳስ ውጤት ይቆጥሯቸዋል፣ ያሸነፉ በዚህ፣ የተሸነፉ በዚያ። እኛ የቱ ጋ ነን ለማለት ነው።

አንዱ ልጅ ወደ ካቻቢቴ ዞረና "ጋሼ፣ የእናንተስ? ከየትኛው ልቁጠራችሁ?" አለው።

ጠበቃ ቀድማ መለሰች፤ "እነሱማ አሸንፈዋል።" አባቷን እያየች ነው የተናገረችው፣ ድምፅዋ ውስጥ ያለው ነገር ግን ጅራፍ ነበር።

"አዎ፣ አሸንፈናል" አለ እሱ። "አብሮኝ ያሸነፈው ሰው ነው በሩን የቆለፈብን።"

ከዚያ በኋላ ጠበቃ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ትከሻው ላይ ራሷን ስታሳርፍ ካቻቢቴዋ ጉንጯን ብትወጋት "ይቺን ነገር መቼ ነው የምትጥላት?" አለችው።

እኔ በዚህ ጊዜ ማይክ ቢሮ ነበርኩ። ጸሐፊዋ ቀጠሮ ስትለኝ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ገባሁ።

"ክፈተው!" አልኩት።

"እባክሽ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።"

"ይስማ! አንተ ያኔ ምን ስትል እንደነበር ልንገራቸው? ከጥግ ሆነህ?"

ፊቱ ደም ለበሰ። ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ "በእኔ እጅ ያለ ነገር አይደለም" አለኝ፤ ከላይ የመጣ ነው፣ እሱም ቢሆን ልቡ እየደማ ነው። የቢሮውን መጋረጃ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ እየደጋገመ ወደዚያ ያያል፣ ጆሮ ያለው ይመስል። እውነት የፈራ መሰለኝ። ያን ጊዜ የፈራውን ልጅ ለአፍታ አየሁትና ሊያሳዝነኝ ሲል በራሴ ተናደድኩ።

"ስሚኝ" አለኝ። "ደውይላቸው። አባትና ልጅ ብቻቸውን በሩ ጋ ይምጡ፣ አስወጣቸዋለሁ፣ ማንም አይነካቸውም። ስለ ድሮው ስል ነው።"

ደወልኩ። ምን ላድርግ፣ እናት ነኝ። ጠበቃ አነሳች። የነገረኝን ነገርኳት።

"ጓደኛዬስ?" አለችኝ። ክፍል አብራት የምትማር ልጅ ናት፤ አስም አለባት፣ የምትስበው መድኃኒቷ አልቋል። "እሷስ ከእኛ ጋር ትወጣለች?"

ማይክን ጠየቅኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ "ሁለቱ ብቻ።" ለልጄ ነገርኳት። "እማዬ፣ አንቺ ብትሆኚ ትወጫለሽ?" አለችኝ። አዎ፣ እወጣለሁ ልላት ፈለግኩ፤ ዛሬ የሆንኩት ሴት ትወጣለች። ከአፌ ግን አልወጣ አለ። ስልኩን ለአባቷ ሰጠችው።

"አንድ ነገር ልንገርሽ" አለኝ በሹክሹክታ። "በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ነው። ማጠፊያዎቹ ያሉት እኛ ዘንድ ነው። በመሀላቸው የተሰኩትን የብረት ፒኖች ባወልቃቸው በሩ ይወድቃል።"

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ!"

"ውጭ መኪና የለም?"

በመስኮቱ አየሁ። የፖሊስ መኪናዎች ተደርድረው ነበር፣ ሰዎቹም ወረቀት እያገላበጡ ይጠብቃሉ። ያን ጊዜ ገባኝ። በሩ ቢዘጋም ቢከፈትም ለልጄ ያው ነው። ይህን አውቆ፣ ካቻቢቴዋን ኪሱ ይዞ፣ ከገባበት ሰዓት ጀምሮ ተቀምጧል ማለት ነው። ለጠበቃ ብቻ ነግሯታል። እሷም "ቆይ" ብላው ነበር።

አመሻሹ ላይ ጓደኛዋ ትንፋሽ እያጠራት ሄደ። በሩን ደበደቡ፣ ለጥበቃው ጮኹ፣ "እንነግራለን" ተባሉ፣ ማንም አልመጣም። የልጅቷ ከንፈር ቀለሙ ሲለወጥ አገር መቁጠሩም ቀረ። ጠበቃ ልጆቹን አየቻቸው፣ እነሱም አዩዋት። ማንም እንቢ አላለም።

"አባዬ፣ ንቀለው" አለች።

"አንቺን ይወስዱሻል።"

"አውቃለሁ።"

"የኔ ልጅ..."

"አባዬ፣ ልጅቷ እየሞተች ነው።"

እጄ እምቢ አለኝ ይላል። ስንት በር የከፈተ እጅ ካቻቢቴዋን ማጠፊያው ሥር ማስገባት አቃተው። ጠበቃ እጁ ላይ እጇን ጫነች፣ በመዶሻው እጀታ አብረው ከታች ወደ ላይ መቱ። አንዱ ፒን ወጣ፣ ቀጥሎ ሌላው። በሩ በመቆለፊያው በኩል ተንጠልጥሎ ቀረ፣ ልጆቹም ወደ ውስጥ ስበው ጣሉት።

እኔ ከማይክ ቢሮ ተመልሼ ከገመዱ ወዲህ ቆሜ በሩ ሲወድቅ አየሁ። ሁለት ልጆች ጓደኛቸውን ተሸክመው ሮጡ፤ ተመስገን፣ ተርፋለች። ሌሎቹ እጃቸውን ወደ ላይ አድርገው ወጡ። ወረቀት የያዙት ሰዎች ፊት እያዩ ይለያሉ፤ አንቺ ወዲህ፣ አንተ ወዲያ። ልጄን ወዲህ አሏት። ካቻቢቴ ሁለት እጁን አንድ ላይ አድርጎ ዘረጋላቸው። "በሩን የነቀልኩት እኔ ነኝ፣ እኔን ውሰዱ!"

አንዱ ፖሊስ ሊይዘው ሲል የጥበቃው አለቃ ከሩቅ ጮኸ፤ "እሱን ተዉት፣ የኛ ሰው ነው!"

ልጆቹ ሁሉ ሰሙ። ጠበቃም ሰማች። ባለቤቴ በሕይወቱ ተደብድቦ ያውቃል፣ ከሥራ ተቀንሶ ያውቃል፣ እንደዚያች ቃል ግን የሰበረው ነገር የለም። እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ጠበቃ መኪናው ላይ ስትወጣ ዞር ብላ "አባዬ፣ ቤት ግባ። እማዬ ብቻዋን እንዳትጮህ" አለችው። እሷ እንዲህ ናት፤ እስር ቤት ስትሄድም ቤቷን ታስተዳድራለች።

አሁን የታሰረችበት ቦታ እየሄድን እንጠይቃታለን። በሽቦ አጥር ማዶ ቆማ ታወራናለች። ፀጉሯን አሳጥራዋለች፣ ከስታለች፣ ግን ምላሷ እንዳለ ነው። ስልክ ስለሌላት የሌላውን አገር ወሬ እኔን ትጠይቀኛለች። "እነዚያ ልጆች ምን ደረሱ?" ትለኛለች። "መሪያቸው ወረደ" እላታለሁ ደስ እንዲላት። "ከዚያ በኋላስ?" ትላለች። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትለው። ለሷ ስል ዜና አዳማጭ ሆኛለሁ፣ ግን ከዚያ በኋላ ስላለው ነገር ዜናው አይነግረኝም።

አባቷ ስንሄድ ወደ አጥሩ አይጠጋም። ከኋላዬ ይቆማል። እሷም ትጠራዋለች፣ "አባዬ፣ አልተቀየምኩህም እኮ" ትለዋለች፣ "እሺ" ይላታል። ሌላ ቃል ከአፉ አይወጣም። ቤትም እንዲሁ ሆኗል። ሱቅ ልላከው፣ ልቆጣው፣ ልቀልደው፣ "እሺ" ነው። ድሮ ይመልስልኝ የነበረው መልስ ናፈቀኝ።

ባለፈው ሳምንት ማይክ አስጠራው። የአዳራሹ በር እስከ ዛሬ ግድግዳ ተደግፎ ነው ያለው፤ እንግዶች ሊመጡ ነው፣ መልሶ ይስቀለው ተባለ። "ለልጅህ ጉዳይም ጥሩ ነው፣ ተባባሪ ነው ብዬ እጽፍልሃለሁ" አለው። ስለ ቤቱ ምንም አላለም። መናገርም አላስፈለገውም።

"ቀለበቶቹንስ ልቁረጣቸው?" ብሎ ጠየቀ ባለቤቴ።

"እነሱማ ታሪክ ናቸው።"

ጠዋት ሲወጣ እቃውን ተቀበልኩትና አብሬው ሄድኩ። አልከለከለኝም። በሩን ከሁለት ሠራተኞች ጋር አንስቶ አቆመው፣ ማጠፊያዎቹን አስተካከለ፣ ፒኖቹን መልሶ መታቸው፣ ቁልፉን ፈትቶ አጽድቶ ገጠመ። እንደ ድሮው አላፏጨም እንጂ ሥራው ያው ሥራው ነው፤ መቃኑና በሩ መሀል ወረቀት አያስገባም። ሲጨርስ እጁን በጨርቅ ጠረገ። የጥበቃው አለቃ ትንሽ ራቅ ብሎ ስልኩን ይነካካል። ካቻቢቴ ወደሱ አየ፣ ወደ ቀለበቶቹ አየ፣ ከዚያ ወደኔ ዞረ።

"አንቺ ውጭ ቁሚልኝ" አለኝ።

ገባ። "ዝጊብኝ" አለኝ። ዘጋሁበት። ሁለት እጄን በሁለቱ ቀለበቶች ውስጥ አስገብቼ ያዝኳቸው፣ ማንም ምንም እንዳያስገባባቸው። ብረቱ ይቀዘቅዛል፣ ዘይቱ እጄን አቆሸሸው። ከወዲያ በኩል መክፈቻው ሲዞር ሰማሁ። ጠቅ አለ፣ ተከፈተ፤ በሩ ትንሽ ወደ ውስጥ ሸሸት አለ።

"ይሠራል" አለኝ ከውስጥ።

"ይሠራላ! በል ውጣ።"

"እሺ" አለኝ።

በተከፈተው ስንጥቅ አየሁት። አዳራሹ መሀል፣ ልጆቹ ተቀምጠውበት የነበረው ወለል ላይ ተቀምጧል።

"አንተ ካቻቢቴ፣ ተከፍቷል እኮ። ና እንጂ፣ ቤታችን እንሂድ።"

"እሺ" አለኝ፣ ግን አልተነሳም።